የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብና የግልገል ጉበት ቅባት

የበግ እንግዴ ልጅ ለጽንሱ ግሉኮስን በብዛት ያሳልፋል፤ የቅባት አሲድ የሚያሳልፈው ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጽንሱ የሚያስፈልገውን ቅባት አብዛኛውን ራሱ ይሠራል፤ ከሚሠራውም ዋነኛው ኦሌይክ አሲድ ነው። ሊኖሌይክ አሲድን አጥቢ እንስሳት በሰውነታቸው መሥራት ስለማይችሉ፣ ግልገሉ ሲወለድ በጉበቱ ፎስፎሊፒድ ውስጥ የሚገኘው መጠን ዝቅተኛ ነው። ቦታውን በከፊል የሚይዘው ከኦሌይክ የሚመነጨው ሚድ አሲድ ነው።

ራልፍ ሆልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ከአይጦች ጥናት በመነሣት ሚድ አሲድ ለአራኪዶኒክ አሲድ ያለው ንጽጽር ከ0.4 ሲያልፍ የእጥረት ምልክት እንደሆነ ገለጸ። አዲስ የተወለደ ግልገል ይህን ወሰን በእጅጉ ያልፋል፤ ሆኖም ቆዳው አይቆስልም፣ እድገቱም አይገታም። የአይጥን መለኪያ እንዳለ ለበግ ማዋል ስለዚህ ያሳስታል።

ግልገሉ እንገር መጥባት ሲጀምር ሁኔታው በቀናት ውስጥ ይለወጣል። የእናት በግ ወተት 7 በመቶ ያህል ቅባት አለው፤ እንገር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ከቅባቱ ውስጥ የሊኖሌይክ ድርሻ ግን ትንሽ ነው፤ በእናቲቱ ትልቁ ጨጓራ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በመኖዋ ያለውን ሊኖሌይክ ሃይድሮጂን ጨምረው ስለሚለውጡት ነው። በስኮትላንድ የሃና የምርምር ተቋም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ይህም ትንሽ መጠን በቂ ነው። የግልገሉ ሰውነት ሊኖሌይክን ለጉልበት ከማቃጠል ይልቅ ለሕዋስ ሽፋን ይቆጥበዋል፤ ሚድ አሲድ ይቀንሳል፣ ሊኖሌይክና አራኪዶኒክ ይተካሉ።

ምግቡ በጉበት ላይ ይህን ያህል የሚጎላው በጨጓራው አሠራር ነው። ግልገሉ ሲጠባ የጉሮሮ ቦይ ተብሎ የሚጠራው እጥፋት ተዘግቶ ወተቱን ትልቁን ጨጓራ ሳያስነካ ወደ አራተኛው ክፍል ያደርሰዋል። በመሆኑም የተጠባው ቅባት ሳይለወጥ ይፈጫል፤ በሰው ሠራሽ ወተት የበቆሎ ዘይት ቢጨመር የጉበቱ ሊኖሌይክ ይጨምራል። እናቱ የሞተችበት ግልገል የላም ወተት ሲሰጠው፣ ቅባቱ በሊትር ከእናቱ ወተት ግማሽ ያህል ብቻ ነው። የዘይቱ ዓይነትም ቀላል ነገር አይደለም፤ በጥጆች ላይ የኮኮናት ዘይት በብዛት የተጨመረበት ወተት በጉበት ትራይግሊሰራይድ እንዲከማች አድርጓል።

ግልገሉ ሣር መቀንጠብና ማመንዠክ ሲጀምር የገዛ ጨጓራው ተሕዋስያን የሚበላውን ቅባት ይለውጡታል፤ ከዚያ ወዲህ የመኖው ቅባት እንዳለ ወደ ጉበቱ አይደርስም።