በባሕር ካርታ ላይ ያለ ባዶ ቦታ
የባሕርን ሕይወት በካርታና በሥዕል የመግለጽ ታሪክ

የየብስን ካርታ የሚሠራ ባለሙያ ተራራ ላይ ወጥቶ ሸለቆውን ለመመልከት፣ የተጠራጠረውንም ነገር በእግሩ ሄዶ ለማረጋገጥ ይችላል። የባሕርን ሕይወት በካርታ ላይ ለማስፈር የሚነሣ ሰው ግን ይህ ዕድል እምብዛም የለውም። የሚያውቀው አብዛኛው ነገር የሚገኘው በጥቂት ሥፍራዎች ተጥሎ ከተሳበ መረብ ወይም ወደ ጥልቁ ከወረደ መሣሪያ ነው። በመሆኑም በባሕር ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታይ ሥፍራ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ትርጉሞች ሊኖሩት ይችላል፤ አንደኛው «ተፈልጎ አልተገኘም» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው «ፈላጊ አልደረሰበትም» ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ሁለት ትርጉሞች በታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ ተምታቱና እንዴት እየተለዩ እንደ መጡ ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ለአገራችን ቅርብ ከሆነው ከቀይ ባሕር እንጀምር። በ1761 ከኮፐንሐገን የተነሣው የዴንማርክ የዓረብ ምድር ጉዞ አባል የነበረው የተፈጥሮ ሊቅ ፔተር ፎርስኮል የቀይ ባሕርን ዓሣዎችና ሌሎች እንስሳት ሲሰበስብና ሲመዘግብ ቆይቶ በ1763 በየመን ሞተ። ከጉዞው ሊቃውንት መካከል በሕይወት የተመለሰው የመሬት ለኪውና ካርታ ሠሪው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር። ኒቡር የቀይ ባሕርን ካርታ አሳተመ፤ የሟች ጓደኛውንም የእንስሳት መዝገብ በ1775 ለኅትመት አበቃ። በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር የተጓዘው የፍራንክፈርቱ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔልም ስለ አቢሲኒያ እንስሳት ባሳተመው ሥራ ውስጥ የቀይ ባሕርን ዓሣዎች ጨምሮ ገልጿል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ካርታው ለብቻው፣ የእንስሳቱ ዝርዝርም ለብቻው ነበር። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ የማዋሐዱ ሥራ ገና አልተጀመረም ነበር።

ይህን ሥራ በስፋት ከጀመሩት አንዱ ኤድዋርድ ፎርብስ ነው። ፎርብስ በ1841 እና በ1842 በኤጅያን ባሕር ላይ በመርከብ እየተዘዋወረ፣ የባሕሩን ወለል በሚቧጥጥ መረብ ናሙና ሰበሰበ። ያገኛቸውንም እንስሳት እንደየጥልቀታቸው በስምንት ደረጃዎች ከፈላቸው። ወደ ታች በወረደ መጠን የእንስሳቱ ቍጥር እያነሰ መሄዱን ስላስተዋለ፣ ሕይወት ከ300 ፋተም፣ ማለትም ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሊኖር እንደማይችል በ1843 ገመተ። የፎርብስ መረብ ግን ከ230 ፋተም በታች አልወረደም ነበር። ከዚያ በታች ያለው ባዶነት ከመስመሩ ዝንባሌ የተገኘ ግምት እንጂ በምርመራ የተገኘ ውጤት አልነበረም። ሆኖም ግምቱ ሥርዓት ባለው ሰንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ ስለ ቀረበ ብዙዎች እንደ እውነት ተቀበሉት።

ተቃራኒው ማስረጃ ጠፍቶ አልነበረም። ጆን ሮስ በ1818 ከባፊን የባሕር ሰላጤ የፎርብስን ወሰን አልፎ ከሚገኝ ጥልቀት የባሕር ኮከብ ወገን የሆነ እንስሳ አውጥቶ ነበር። ክርክሩን በይበልጥ የለወጠው ግን ለጥገና የተሳበ የቴሌግራፍ ገመድ ነው። በሰርዴኛና በአልጄሪያ መካከል ተዘርግቶ የነበረው ገመድ በ1860 ሲወጣ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከሚደርስ ጥልቀት በመጣው ክፍሉ ላይ ኮራልና ሌሎች እንስሳት ተጣብቀውበት ተገኙ። በመረብ የተያዘ እንስሳ ቢሆን ኖሮ መረቡ ወደ ላይ ሲሳብ በመንገድ የገባ ነው ተብሎ ሊስተባበል በቻለ ነበር፤ በገመዱ ላይ የበቀለውን ግን እንዲህ ማለት አልተቻለም።

ከዚህ በኋላ በቻርልስ ዋይቪል ቶምሰን የተመራው የቻሌንጀር መርከብ ጉዞ ከታኅሣሥ 1872 እስከ ግንቦት 1876 ተካሄደ። መርከቢቱ ከ127,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች፤ በ362 ጣቢያዎችም ምርመራ ተደረገ። ከጉዞው የተገኘው ዘገባ በ1895 ሲጠናቀቅ 50 ቅጾች ነበሩት። ቁም ነገሩ ግን የቅጾቹ ብዛት ብቻ አይደለም። ጣቢያዎቹ እያንዳንዳቸው ቍጥር ተሰጥቷቸው፣ ቦታቸውና ጥልቀታቸው ተመዝግቦ ስለ ታተመ፣ አንባቢው የት እንደ ተፈለገና የት እንዳልተፈለገ ራሱ ለመመርመር ቻለ። የውቅያኖሱ ስፋት 361 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ በአማካይ ለአንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የደረሰው አንድ ጣቢያ ነው። ይህም ኢትዮጵያን በሚያህል ምድር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ የአገሩን እንስሳት ሁሉ ለመግለጽ እንደ መሞከር ይቈጠራል።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ፣ ሕዝቡን ወደ ጥልቁ ባሕር የሳበው ሰንጠረዥ ሳይሆን ሥዕል ነበር። ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ከቻሌንጀር ናሙና ራዲዮላሪያ የተባሉትን ረቂቅ ፍጥረታት አጥንቶ በ1887 በ140 የሥዕል ሰሌዳዎች አሳተመ። ከ1899 ጀምሮ ለሰፊው አንባቢ ያወጣቸው ሥዕሎችም የኪነ ሕንፃ ባለሙያዎችን ሳይቀር ማረኩ፤ በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን መግቢያ በር የተነደፈው ከእነዚህ ፍጥረታት ቅርጽ በተገኘ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ የፍጥረቱን መልክ እንጂ የት እንዳለና ምን ያህል እንደ ሆነ አይነግርም።

ይህን ጕድለት ለመሙላት አሊስተር ሃርዲ ቀላል ዘዴ አገኘ። እርሱ የፈለሰፈው መሣሪያ በመርከብ ሲጐተት ውኃው በሐር ጨርቅ ውስጥ ያልፋል፤ ጨርቁም ቀስ በቀስ እየተጠቀለለ በውኃ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ማለትም ፕላንክተንን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ የጨርቁ ርዝመት ራሱ የጉዞው ካርታ ይሆናል። ከ1931 ጀምሮ የንግድ መርከቦች በመደበኛ መሥመራቸው ላይ ይህን መሣሪያ ሲጐትቱ ኖረዋል። በአንድ ዘዴ፣ በአንድ መሥመር፣ በየጊዜው ስለሚለካ በዚህ መዝገብ ላይ የሚገኘው ባዶ ቦታ ትርጉም አለው፤ «ተፈልጎ አልተገኘም» የሚለውን ነው። ከዚህም የተነሣ በ2002 የታተመ ጥናት፣ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ የሞቃት ውኃ ጥቃቅን እንስሳት በ40 ዓመታት ውስጥ 10 የኬክሮስ ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን መግፋታቸውን ለማሳየት ቻለ።

በ1977 ደግሞ በጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ከሚፈልቁ ሙቅ ምንጮች ዙሪያ ያለ ፀሐይ ብርሃን የሚኖሩ የእንስሳት ማኅበሮች ተገኙ። ከ2000 እስከ 2010 በተካሄደው የባሕር ሕይወት ቆጠራ ከ80 በላይ አገሮች የተውጣጡ 2,700 ያህል ሳይንቲስቶች ተሳትፈው ከ540 በላይ ጉዞዎች አደረጉ። ለዚሁ ቆጠራ የተቋቋመውና በኋላ ወደ ዩኔስኮ የውቅያኖስ ኮሚሽን የተዛወረው ዓለም አቀፍ መዝገብ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ መረጃዎችን ይዟል። መረጃዎቹ በካርታ ላይ ሲነጠቡ ግን የባሕሩ ዳርቻና የላይኛው ውኃ ጠቍሮ፣ ጥልቁ ውኃ ነጥቶ ይታያል። ይህም የሚያሳየው የእንስሳቱን ሥርጭት ብቻ ሳይሆን የተመራማሪዎቹን መንገድ ጭምር ነው።

ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሰላማዊው ውቅያኖስ የክላሪዮን ክሊፐርተን ቀጠና በሚባለው ወለል ላይ ማዕድን ለማውጣት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። በ2023 የታተመ ጥናት በዚያ ከተመዘገቡት ከ5,000 በላይ የእንስሳት ዝርያዎች ውስጥ ከ10 ወደ 9 ያህሉ ገና ስም ያልተሰጣቸው መሆናቸውን ገልጿል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ላይ ነጭ ካርታ ለውሳኔ ሰጪ ቢቀርብለት፣ የሚጠፋ ነገር የለም ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

እንግዲህ ከእኛ ሙያ የሚጠበቀው ግዴታ ግልጽ ነው። የተገኘውን በነጥብ ስናሰፍር የተፈለገበትንም ሥፍራ፣ ዘዴና ጥልቀት ለይተን ማመልከት፣ ያልተፈለገበትንም ከባዶው በተለየ ቀለም መሸፈን ይገባናል። ፎርብስ ከ230 ፋተም በታች ያለውን ሥፍራ በተለየ ምልክት አስታውቆ ቢሆን ኖሮ፣ አንባቢዎቹ ሕይወት የሚያልቅበትን ወሰንና መረቡ የቆመበትን ወሰን ባላምታቱም ነበር።