ቁጥር ያልነበረው ልክ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ሲለካ አንገቱ ላይ ሜትር አላንጠለጠለም። የሚይዘው ረጅም፣ ጠባብ የወረቀት ጥብጣብ ነበር። ጥብጣቡን በደረት ዙሪያ አዙሮ፣ ጫፉ የሚደርስበትን ቦታ ጠርዙን በመቀስ ቆንጠር ያደርገዋል፤ ከዚያ ወገብ፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ርዝመት እያለ ይቀጥላል። ልክ ወስዶ ሲጨርስ የሰውየው ቁመናም ስፋቱም በዚያች ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ደ ጋርሶ የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1769 ስለ ልብስ ስፌት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር ገልጾታል።

ዘዴው የሚናቅ አይደለም። ቁጥር ስለሌለ ቁጥር አሳስቶ መጻፍ የለም፤ ጥብጣቡን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ መቁረጥ ብቻ ነው። ችግሩ የአንዱ ሰው ወረቀት ለሌላው አለመናገሩ ነው።

ነጠላና ጋቢ ለሚለብስ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም። ጨርቁ በክንድ ይለካል፤ ትከሻ ላይ ሲጣል ደግሞ ራሱ ልክ ይሆናል። ገላ ላይ የሚጣበቅ ኮት ግን እንዲህ አይምርም።

በ1800 አካባቢ ቁጥር ያለው ሜትር ወደ ስፌት ቤቶች ገባ። ሰፊዎች የደንበኞቻቸውን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አንድ ነገር ታያቸው፦ የደረት ልክ ከታወቀ ሌላውን በስሌት ማግኘት ይቻላል። ወዲያው የአቆራረጥ ስሌት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ተከታትለው ወጡ። ስሌቱ ቀጥ ብሎ ለቆመ ጎልማሳ ይሠራል፤ ትከሻው ለጎበጠ፣ ሆዱ ለገፋ ግን ኮቱ ከኋላ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ጥንቁቆቹ እያንዳንዱን ቦታ በቀጥታ መለካቱን አልተዉም። እውነትም ከእነሱ ጋር ነበረች፤ ደረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች አቋማቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ዝግጁ ልብስ ፋብሪካ ሲይዘው ግን ደንበኛውን የሚለካ ሰው ጠፋ። ይህን ክፍተት ለመሙላት የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለካ። እርሻ ሚኒስቴር ከቀሚስ ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፣ የቤት ኢኮኖሚክስ ቢሮው በሥሩ ስለነበረ ነው። ሩት ኦብራየን በመራችው በዚህ ጥናት ከእያንዳንዷ ሴት ክብደቷን ጨምሮ 59 ልኮች ተወሰዱ። ሥራው በዝርዝሩ የሚደነቅ ቢሆንም ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ልክ ከውጤቱ እንዲወጣ ተደርጓል። የሚሊሜትር ጥንቃቄ ማንን እንደሚለኩ አስቀድሞ ከወሰነ ሰው እጅ አያድንም።

በ1958 የወጣው የአገሪቱ የሴቶች ልብስ መለኪያ ደረጃ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ተመሠረተ። አምራቾች ግን የየራሳቸውን ልክ መከተል ጀመሩ፤ ደረጃው በ1983 ተሰረዘ። ዛሬ አንድ ዓይነት ቁጥር የተለጠፈባቸው የሁለት ድርጅቶች ሱሪዎች አንዱ ወገብ ላይ ጠብቆ፣ ሌላው ሰፍቶ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ልብስ ሰፊውም አዲስ ሱሪ በማጥበብና በማሳጠር እንጀራውን ይበላል።