ገጃና ሱሉልታ፦ መጠባበቂያ ምን ማለት እንደሆነ

ኢትዮጵያ የባሕር በሯን ካጣች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆናትም፣ የንግድ መርከቦቿ ዛሬም በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይመላለሳሉ። ማዕበል ሲነሣ ወይም መተላለፊያው ሲያሰጋ መርከበኛው አስቀድሞ የሚያውቀው በሚደርሰው የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዚያ ቀጣና ይህን የማስተባበር ኃላፊነት የፓኪስታን ነው። የማስጠንቀቂያው መንገድ ቢዘጋ በምን ይተካ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት የገጃና የሱሉልታ ጣቢያዎች ለዚህ ሥራ ባይቆሙም፣ ታሪካቸው ለጥያቄው መልስ ይዟል፦ መጠባበቂያ የሚባለው ከዋናው በዓይነቱ የተለየ መንገድ እንጂ የዋናው ቅጂ አይደለም።

በሰበታ አቅጣጫ በገጃ ማሰራጫዎቹን የተከለው፣ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ተመርቆ፣ በ1977 በደርግ እስኪወረስ ድረስ በአጭር ሞገድ ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ ይሰማ ነበር። አጭር ሞገድ በላይኛው የከባቢ አየር ንጣፍ እየተንጸባረቀ ሩቅ ይደርሳል፤ በጉዞው መካከል ሌላ መሣሪያ አይፈልግም፤ ነገር ግን ቀን ከሌሊት፣ እንደ ፀሐይም ሁኔታ ይለዋወጣል። በ1979 ሱሉልታ ላይ የሳተላይት ጣቢያ ሲከፈት ከውጭ ዓለም ጋር የሚደረገው ግንኙነት ጠራ፤ በአንጻሩ መስመሩ ሕዋ ላይ ባለ አንድ መሣሪያ ጤንነት ላይ ተመሠረተ። ሱሉልታ ስለተከፈተ ግን ገጃ አልተዘጋም፤ አገሪቱ ሁለቱንም ያዘች፤ የአንዱ ድካምም የሌላው አልነበረም።

ባሕሩም በዚሁ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 የሞርስ ዘመን አብቅቶ አዲሱ ዓለም አቀፍ የአደጋና የደኅንነት ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል፣ ለባሕር ዳርቻ አካባቢ በ518 ኪሎኸርዝ የሚሰራጨው ናቭቴክስ፣ ለሩቁ ሳተላይት ተመደበ። ናቭቴክስ ከ250 እስከ 400 ኖቲካል ማይል ቢደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳተላይቱ ቢቋረጥ የሚቀረው በአጭር ሞገድ የሚመጣው የጽሑፍ መልእክት ነው፤ ከተመደቡለት ድግግሞሾች አንዱ 8416.5 ኪሎኸርዝ ነው።

ሁለት የሳተላይት መቀበያ መግጠም አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። መቀበያው ሲበላሽ ሁለተኛው ይረዳል፤ ሁለቱም የሚያዳምጡት ሳተላይት ዝም ካለ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። አጭር ሞገድ ያለፈበት ነው፣ በ2024 የጸናው የተሻሻለ የባሕር ደኅንነት ደንብም እሱን የመያዝ ግዴታውን አላልቷል የሚለው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው። ማስጠንቀቂያን በዚህ መንገድ የሚልኩ ጣቢያዎች ጥቂት መሆናቸውም እውነት ነው። ሆኖም ደንብ የሚወስነው ዝቅተኛውን ልክ ነው፤ የጣቢያዎቹ ማነስም ከጉዞ በፊት የስርጭት ሰዓታቸውንና ድግግሞሻቸውን አጣርቶ መያዝ ግድ መሆኑን እንጂ መቀበያውን መጣል እንደሚገባ አያሳይም። ስለዚህ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ የሚሠለጥኑ መርከበኞቻችን ሳተላይቱን በሚያውቁት ልክ አጭር ሞገድንም ሊያውቁ ይገባል፤ በአደጋ ሰዓት የሚያገለግለው አስቀድሞ የተለማመዱት መንገድ ብቻ ነውና።