የመፀው ፎቶግራፎች፤ ከቦርደዴ እስከ አዋሽ ፓርክ

ከአሰበ ተፈሪ ወርዶ በሚኤሶ በኩል ወደ አዋሽ የሚጓዝ መንገደኛ ቦርደዴ ሲደርስ የጨርጨር ደጋ በስተግራው ይቀርና ሜዳው ይሰፋለታል። መፀው በአቆጣጠራችን መስከረም 26 ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 25 ቀን ይወጣል። በአውሮፓ ይህ ወራት የሚታወቀው በቅጠል መርገፍ ሲሆን፣ በዚህ ቆላ የጊዜውን መለወጥ የሚናገረው ሣሩ ነው። በመስቀል ሰሞን ለምለም የነበረው በኅዳር ወርቅ መስሎ ይቆማል፤ ታኅሣሥ ሲጋመስ በሣሩ መካከል መሬቱ ይታያል።

ይህን ለውጥ በፎቶግራፍ መያዝ የጀመርኩት አንድ ስሕተት ከሠራሁ በኋላ ነው። በመንገድ ሥር ለሚቀበሩ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦዎች ጥናት ሳዘጋጅ፣ ከአሮጌ መዝገብ ያገኘሁትን ቀን ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ራሴ ካነሣሁት አጠገብ አስቀመጥኩት። በአሮጌው ላይ ሜዳው በሣር ተሸፍኗል፤ በእኔው ላይ ራቁቱን ነው። ሣሩ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ጎርፉ ጨምሯል ብዬ ጻፍኩ፤ የቱቦዎቹንም ስፋት በዚያው ልክ አሳደግኩ። ሁለቱን ሥዕሎች ያሳየኋቸው አንድ የአካባቢው አርብቶ አደር ሽማግሌ ግን ሳቁና፣ «ልጄ፣ ይኸኛው ዝናቡ ገና እንዳባራ ነው፤ ያንተው የበጋ ነው። ምኑን ከምኑ አወዳደርከው?» አሉኝ። የብዙ ዓመት ጥፋት አድርጌ የቆጠርኩት ለካ የአራት ወር ልዩነት ኖሯል። ሪፖርቱን መልሼ ጻፍኩት።

በአገራችን መሐንዲስና ፎቶግራፍ የተዋወቁት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶቹ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ፤ ካርታ በፎቶግራፍ ከማባዛታቸውም ሌላ ያለፉበትን አገር አነሡ። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በሰሜን ኢትዮጵያ እነዚያኑ ቦታዎች እየፈለጉ እንደገና አነሡአቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የዕፅዋቱ ሽፋን ከቀድሞው ተሻሽሎ መገኘቱን ገለጹ፤ «ደኑ አለቀ» ሲባል ለኖረ አገር ይህ ያልተጠበቀ ወሬ ነበር። መቅደላ የወደቀችው በሚያዝያ በመሆኑ የዘመቻው ሥዕሎች ክረምት ሳይገባ የተነሡ መሆናቸው ይታወቃል። ወቅቱ ባይታወቅ ኖሮ ንጽጽሩ እንደ እኔው ሪፖርት በሆነ ነበር።

ወደ ቆላችን እንመለስ። ከቦርደዴ በስተምዕራብ ያለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በአዋጅ ጸና። የኢላላ ሳላ ሜዳ የሚታወቀው በሳላው ነው፤ ሳላው በወርቃማ ሣር መካከል ቆሞ የሚታይበት ሥዕል የመፀው ሥዕል ነው። ቦታው ሲከለል ግን ከረዩ፣ ኢቱና አፋር ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት የነበረው ግጦሽ ተቋረጠባቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሣሩ ነገር የክርክር ጉዳይ ነው። በየካቲት የተነሣ ሥዕል «ከብቱ ጨረሰው» ያሰኛል፤ በመስከረም የተነሣው «ምንም አልሆነ» ያሰኛል። ወሩ ካልተጻፈበት ሁለቱም ለፈለገው ወገን ይመሰክራል።

የልምላሜም ማታለያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው ፕሮሶፒስ፣ በአካባቢው «ወያኔ» የሚሉት እሾሃም ዛፍ፣ በበጋም አረንጓዴ ነው። በመስከረም ከሣሩና ከግራሩ ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል፤ መፀው ገፍቶ ሣሩ ሲደርቅ ይጋለጣል። ስለዚህ የወራሪውን ወሰን ለመለካት የታኅሣሥ ሥዕል ከመስከረሙ ይሻላል። ለምለም ያየ ሁሉ ግጦሽ ነው ብሎ እንዳይጽፍ ለሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ ነግሬአለሁ።

በወቅት የማይሳበብ ለውጥም አለ። በመተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ኋላ ከ40 በላይ ደርሶ ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። መስፋቱ በክረምት ሙላት እንዳልመጣ በየዘመኑ የተነሡት የአየር ፎቶግራፎች ያሳያሉ።

እኔ አሁን የምቆመው ከቦርደዴ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቱቦ ግንብ ላይ ነው። በጥቅምት መባቻ፣ በኅዳር 12 እና በታኅሣሥ 25 ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ ፀሐይዋን ከጀርባዬ አድርጌ ወደ አሰቦት ተራራ አነሣለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የካሜራውን ከፍታና የመጨረሻው ዝናብ የጣለበትን ቀን በደብተር እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ፍየል የሚጠብቅ አንድ ልጅ ሥዕሉ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የሣሩን ቁመት በእርሱ ቁመት ለካሁ፤ በተከታዩ ዓመትም እዚያው እንዲቆምልኝ ለመንኩት። ልጁ ግን ከሣሩ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ ዘንድሮ በቦታው ባለ ሁለት ሜትር ዘንግ ተክያለሁ።