የጂቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ውል ታሪክ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው አነጋገር፣ በሥራ ውልና በግዥ ሙያ ለተሰማራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወስ ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፍ የሰፈረው ሁሉ ይወርሰዋል ለተባለው ሰው ይደርሳል ማለት አይደለም። ውሉ በጥንቃቄ ተጽፎና ማኅተም ታትሞበት ሳለ፣ ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ከሌላ ወገን የመጣ እንደሆነ፣ የውሉ አዛዥነት ቀስ በቀስ ወደ ባለገንዘቡ ሊዞር ይችላል። ይህን ነገር ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የምድር ባቡር ታሪክ በሚገባ ስለሚያስረዳ፣ ለማኅበራችን አባላትና ለሙያ ባልደረቦቻችን በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን።

ስዊሳዊው መሐንዲስ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ሸዋ የመጡት በ1871 ዓ.ም. ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ አገልግሎት ብዙ ዓመት ከቆዩና በቤተ መንግሥቱም ዘንድ ታማኝነትን ካተረፉ በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1894) የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስችል የኮንሴሲዮን ውል ተሰጣቸው። ውሉ መንገዱን በሦስት ክፍል ይመድበዋል፤ ይኸውም የመጀመሪያው ከጂቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ተነሥቶ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነው። ዘመኑ 99 ዓመት ሲሆን፣ ይህ ሲፈጸም ሐዲዱ ለኢትዮጵያ መንግሥት እንዲሆን ተወስኗል። በሌላ በኩል ኩባንያው ከሐዲዱ ጋራ የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋና በጦርነት ጊዜ የመንግሥቱን ሠራዊት ያለ ዋጋ እንዲያጓጉዝ ግዴታ ገብቷል። በምላሹም ሌላ ተወዳዳሪ ኩባንያ በዚያው አቅጣጫ ሐዲድ እንዳይሠራ ተከልክሎለታል።

በዛሬው የሙያ አነጋገር ብንመረምረው፣ ውሉ የተናቀ አይደለም። የሥራው ወሰን፣ ዘመኑ፣ የሁለቱ ወገን ግዴታና የንብረቱ መጨረሻ ተለይተው ተጽፈዋል። ለሥራው የሚከፈል በቂ ጥሬ ገንዘብ በግምጃ ቤቱ ስላልነበረ፣ መንግሥት በገንዘብ ፋንታ ዘመንንና መብትን ከፈለ ማለት ይቻላል። የቀረው ጥያቄ፣ ገንዘቡን የሚያመጣው ማን ነው የሚለው ነበር።

ሙሴ ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሙሴ ሊዮን ሸፍኔ በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ንጉሠ ነገሥታዊ ኩባንያን አቋቋሙ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ወገን ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ሆኖ፣ የሐዲዱ ብረትና ሌላው ዕቃ ሁሉ በመርከብ ከአውሮፓ እየመጣ በጂቡቲ ይራገፍ ነበር። አገሩ ውሃ የሌለው በረሃ ከመሆኑም በላይ፣ በሸለቆዎቹ ላይ ረጃጅም የብረት ድልድዮች ማቆም አስፈለገ። የአገሩ ጎሣዎችም መሬታቸው ሳይጠየቁ በመነካቱና የግመል ንግዳቸው በመታጎሉ ተቈጥተው፣ በሠራተኞቹ ላይ አደጋ ይጥሉ ጀመር። ስለዚህ ወጪው ከተገመተው እጅግ በልጦ፣ የአክሲዮኑ ገንዘብ ሐዲዱ ከደጋው ግርጌ ሳይደርስ ተሟጠጠ።

በዚህ መካከል በውሉ ላይ ግልጽ የሆነ ለውጥ ተደረገ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሐዲዱ በቈላው እንዲያልፍ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ተወሰነ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ስፍራ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለች፣ በኋላም ድሬዳዋ በመባል የታወቀች ከተማ ተቈረቈረች። ይህ ለውጥ ባለውሎቹ ተነጋግረው የፈጸሙት ስለ ሆነ ጠብ አላስነሣም። ጠብ ያስነሣው ሌላው፣ በስተጀርባ የተደረገው ለውጥ ነው።

ኩባንያው ገንዘብ ባጠረው ጊዜ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮኑንና የዕዳ ሰነዱን እየገዙ ገቡ። ይህም የፈረንሳይን መንግሥት አሳሰበ። ስለዚህ ጥር 29 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1902) የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋራ ስምምነት አደረገ። በዚህም መሠረት ለ50 ዓመት በያመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ሊሰጥ፣ በአንጻሩ ግን በኩባንያው ሥራ ላይ የመቈጣጠር ሥልጣን ሊኖረው ተስማማ። የውሉ ሰጪ የሆኑት ንጉሠ ነገሥት ግን በዚህ ስምምነት ላይ አልተጠየቁም፤ አልፈረሙም።

ዳግማዊ ምኒልክ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ስምምነቱን አንቀበልም አሉ፤ ለአንድ የንግድ ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በባዕድ መንግሥት እጅ ሲገባ ዝም ሊሉ አልቻሉም። እዚህ ላይ የውሉ አንድ ጠባይ ጠቀማቸው። ሥራው በሦስት ክፍል የተመደበ ስለ ነበረ፣ ከመጀመሪያው ክፍል አልፎ ለመሄድ የእርሳቸው ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፈቃዱን ከለከሉ፤ ሐዲዱም በድሬዳዋ ቆመ።

እምቢታው ያለ ዋጋ አልተገኘም። ዕቃው ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ በግመልና በበቅሎ ሲጓጓዝ ዓመታት አለፉ። ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ከሰረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በሎንዶን ተዋውለው፣ በኢትዮጵያ ምድር የሚሠራውን የባቡር መንገድ በመካከላቸው ተከፋፈሉ። በመጨረሻ በጥር 1900 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን አዲስ ኮንሴሲዮን ተሰጥቶ፣ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህም ከመጀመሪያው ውል ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ እንዲዛወርና ኢትዮጵያ የአክሲዮኑ እኩሌታ ባለቤት እንድትሆን የተፈረመው ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ነበር።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል ይደነግጋል። የኮንሴሲዮን፣ የሕዝብ ሥራና የዕቃ አቅርቦት ውሎች ለየራሳቸው ቦታ አላቸው። ተዋዋዩም ያለ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ውሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ እንደማይችል ተደንግጓል። በባቡሩ ታሪክ የታየው ጉዳት ግን ከዚህ ረቀቅ ያለ ነው፤ ውሉ ለሌላ አልተላለፈም፤ የኩባንያውም ስም አልተለወጠም። የተለወጠው ከስሙ በስተጀርባ ያለው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ውል አዘጋጅ የሆነ የሙያ ባልደረባችን ሁለት ነገር ከዚህ ታሪክ ሊይዝ ይገባዋል። አንደኛው፣ ተጫራቹ የሚያቀርበውን ዋጋና የሥራ ችሎታውን ብቻ ሳይሆን፣ የገንዘቡን ምንጭ መጠየቅና ምንጩ ሲለወጥ አስቀድሞ የማስታወቅ ግዴታን በውሉ ውስጥ ማግባት ነው። ሁለተኛው፣ ትልቅ ሥራን በአንድ ጊዜ አጠቃሎ ከመስጠት ይልቅ በክፍል በክፍሉ መስጠትና፣ ለቀጣዩ ክፍል የሚያስፈልገውን ፈቃድ በእጅ ማቈየት ነው። በ1894 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጥበቃ ስላልነበረ ነገሩ ተበላሸ፤ ሁለተኛው ስለ ነበረ ግን መንግሥት የመነጋገር ኃይሉን አላጣም።

ከጂቡቲ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የገንዘቡ ብድርም፣ የሥራውም ተቋራጭ ከቻይና ነበር። የባቡሩን ሥራ የማካሄዱ ውልም ስድስት ዓመት ለቻይና ኩባንያዎች ተሰጥቶ ከቆየ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. አመራሩ ወደ ኢትዮጵያና ጂቡቲ ሠራተኞች ተላልፏል። ግንባታው፣ ብድሩና ሥራ ማካሄዱ ለየብቻ ቢጻፉም፣ የሦስቱ ሰነዶች ኃይል የሚታየው አንድ ላይ ሲነበቡ ነው። የ1886ቱ ውል ብቻውን ሲነበብ መልካም ነበር። ጉድለቱ የተገኘው በፓሪስ ከተፈረመው ሰነድ አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ ነው።