ሁለት መሰኪያ ብቻ፦ ርካሹ ማዘርቦርድ ስለ ኢንዱስትሪ ፖሊሲ የሚነግረን

እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንቴል ኤች61 የተባለውን ቺፕሴት ለገበያ አቀረበ። በእርሱ ላይ የተሠሩት ርካሽ ማዘርቦርዶች፣ የየትኛውም ፋብሪካ ምርት ቢሆኑ፣ መግለጫቸው በአብዛኛው ተመሳሳይ ነበር፦ ሁለት የራም መሰኪያ፣ አራት የሳታ መሰኪያ፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከተወሰነለት በላይ ማሳደግ ክልክል። ገዢው ይህን የቦርዱ ፋብሪካ ቁጠባ አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ሆኖም ለእያንዳንዱ የራም መስመር አንድ መሰኪያ ብቻ የፈቀደው የቺፕሴቱ ባለቤት ኢንቴል ነው። ርካሹ ቦርድ ምን እንደሚጎድለው የሚወሰነው ቦርዱ ከሚሠራበት ፋብሪካ ውጭ ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ያወጣው በአብዛኛው ከሌሎች በገዛቸው ክፍሎች ሠርቶ ነበር፤ የሰርኪቱን ንድፍና የባዮሱን ኮድ ሳይቀር በቴክኒክ መመሪያው አሳተመ። ኮዱ በሕግ የተጠበቀ ቢሆንም ኮምፓክ ሳይገለብጥ እንደ አዲስ ጻፈው። በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ደግሞ ቺፕስ ኤንድ ቴክኖሎጂስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደርዘን የሚቆጠሩ ቺፖችን ሥራ በጥቂት ቺፖች አጠቃለለ። ከዚያ ወዲህ ቦርድ መሥራት የግዙፍ ድርጅት ብቻ ሥራ መሆኑ ቀረ።

በሩ ሲከፈት ተዘጋጅታ የጠበቀችው ታይዋን ናት። ጊጋባይትና ኤምኤስአይ በ1986፣ ኢሲኤስ በ1987 ተቋቋሙ፤ አሱስን በ1989 የመሠረቱት አራት የቀድሞ የኤሰር መሐንዲሶች ነበሩ። ውድድሩ ዋጋውን አወረደው፤ ኮምፒውተርም ከቢሮ አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ።

ነገር ግን ዋጋው እየወረደ ሲሄድ ውሳኔው ወደ ላይ ሸሸ። ኢንቴል በ1995 የቦርዱን ቅርጽና መጠን የሚወስነውን ኤቲኤክስ የተባለውን ደረጃ አወጣ፤ በ1999 የምስል ማሳያውን ሥራ 810 በተባለው ቺፕሴት ውስጥ አካተተ። የታይዋኑ ቪአይኤ በ2001 ያለ ኢንቴል ፈቃድ ለፔንቲየም 4 ቺፕሴት ሲያወጣ ክስ ተመሠረተበት፤ ጉዳዩ በስምምነት የተቋጨው በ2003 ነው። ለቦርድ ሠሪው የቀረለት ጠባብ ትርፍና ኃላፊነቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዘመን በርካሾቹም በውዶቹም ቦርዶች ላይ የነበሩ ጥራት የጎደላቸው ካፓሲተሮች እያበጡ ፈነዱ፤ ዴል በ2005 ለዚሁ ጥገና 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መመደብ ግድ ሆኖበታል።

የኤሰር መሥራች ስታን ሺ ይህን በ1990ዎቹ መጀመሪያ «የፈገግታ ኩርባ» ብሎ ሥሎታል፦ ትርፉ ያለው በሁለቱ ጫፎች፣ ማለትም በፈጠራና በገበያ ስም ነው፤ መገጣጠም ከታች፣ ከመሐል ይቀራል።

ታዲያ ታይዋን እንዴት ወደ ላይኛው ጫፍ ደረሰች? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በመገጣጠም ጀምራ ደረጃ በደረጃ ወጣች» የሚል ነው። የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። መንግሥት የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋሙን የመሠረተው በ1973 ነው። በ1976 ከአሜሪካው አርሲኤ ጋር ቴክኖሎጂ ለማዛወር ተዋውሎ መሐንዲሶቹን ለሥልጠና ላከ፤ በ1980 የሲንቹን የሳይንስ ፓርክ ከፈተ። ቲኤስኤምሲ በመንግሥት ድጋፍ የተወለደው በ1987፣ ቦርድ ሠሪዎቹ ገና ዳዴ በሚሉበት ወቅት ነበር። ቺፑ ከቦርዱ አልወጣም፤ ጎን ለጎን፣ በሌላ ገንዘብና በሌላ ትዕግሥት ተተከለ።

ስለዚህ «መጀመሪያ እንገጣጥም፣ ዕውቀቱ በኋላ ይመጣል» የሚል የፖሊሲ ሰነድ የታይዋንን ስም ሲጠራ ግማሹን ታሪክ ብቻ እየጠቀሰ ነው። መገጣጠሚያው ሥራ ይፈጥራል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ሦስተኛው መሰኪያ ይኑር ወይስ አይኑር ብሎ የሚወስን ባለሙያ የሚበቅለው በዚያ መስመር ላይ ሳይሆን ከመስመሩ አስቀድሞ በተመሠረተ ተቋም ውስጥ ነው።