የእርሻው መኪናና የቤቱ መኪና፦ ከመተማ ቆላ የመጓጓዣ ታሪክ

አዲስ አበባ ላይ ስለ ሁለተኛ መኪና ሲወራ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነው። ትልቁ መኪና ጠዋት ሥራ ይሄዳል፤ ልጆችን ትምህርት ቤት ለማድረስና አስቤዛ ለመሸመት ቪትዝ ወይም ያሪስ ትጨመራለች። ነዳጅ አትበላም፣ ማቆሚያ አታስቸግርም፣ መለዋወጫዋም ሶማሌ ተራ ሞልቷል። እንዲህ ያለችው መኪና በቅንጦት ብትቆጠር አይገርምም፤ ያለ እሷም ታክሲ አለ፣ አውቶቡስ አለ። ይህ ስሌት እንዳለ በመተማ ወዳለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ቢወርድ ግን አይሠራም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ መጀመሪያ የሚገዛው መኪና የቤተሰብ አይደለም፤ የእርሻው ነው። የሰሊጥ ጆንያ፣ የናፍጣ በርሜልና የቀን ሠራተኛ ይጫንበታል። ስለዚህ በዚያ ከተማ ሁለተኛ የምትባለው ትንሽ መኪና ለቤተሰቡ የመጀመሪያዋ ናት። ነገሩ የዛሬ ብቻም አይደለም። የአካባቢውን የመጓጓዣ ታሪክ ወደ ኋላ ለተከተለ፣ እንስሳውም መንገዱም ሞተሩም ለጭነት ተብለው እንደመጡ፣ ሰው ደግሞ በተረፈው ቦታ ሲጓዝ እንደኖረ ያገኘዋል።

ከሞተር በፊት መተማ የገበያ ቦታ ነበር። ከጎንደርና ከጭልጋ የሚወርደው ነጋዴ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና በቅሎ ይዞ ይመጣል፤ ከሱዳን በኩል ደግሞ የግመል ቅፍለት ይጠብቀዋል። ሁለቱ ወገኖች እዚያ የሚገናኙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ግመል የደጋውን ገደልና ጭቃ አይወጣም፤ የደጋው በቅሎና አህያም ክረምት ሲገባ የቆላውን ዝንብና በሽታ አይችልም። ዕቃው በቆላው ጠርዝ ከአንዱ ጀርባ ወርዶ በሌላው ይጫን ነበር፤ በመንገዱ ላይ ያለው ወህኒም በዚሁ ምክንያት የገበያና የቀረጥ ኬላ ሆኖ ቆይቷል። ሰጋር በቅሎ ላይ የሚቀመጠው ነጋድራሱ ወይም ባለጠጋው ነጋዴ ብቻ ነው፤ ሌላው ከአጋሰሱ ኋላ በእግሩ ይነዳል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. መተማ አጠገብ ገላባት ሲደርስ ያየው ገበያ ቡናና ሰም ብቻ የሚገበይበት አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ለማሳዘን አይደለም። በዚያ መንገድ አብዛኛው ሰው ከተጓዥነት ይልቅ ወደ ጭነትነት የቀረበ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ስለሌለ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁበት ጦርነት ገበያውን አወደመው፤ ንግዱ ከዓመታት በኋላ ሲያንሰራራም የመጣው በዚያው በግመልና በአህያ ነበር።

የመኪና መንገዱም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ጣሊያን ጎንደርን ከያዘ በኋላ ወደ መተማ የዘረጋው መንገድ ለካሚዮንና ለመድፍ ነበር፤ በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይም ከመተማ ተነሥቶ ከድንበሩ ማዶ ያለችውን ገላባትን ያዘ። በዚህ መስመር ከተደረጉና በጽሑፍ ከቀሩ የመኪና ጉዞዎች አንዱ የአንድ ህንዳዊ መሐንዲስ መኮንን ጉዞ ነው። ጣሊያን በጥር 1933 ዓ.ም. መገባደጃ መተማን ለቆ ሲያፈገፍግ ከኋላው ያለውን መንገድ በፈንጂ ሞልቶት ሄደ። ምክትል የመቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት በትንሽ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ከሁሉ ፊት እየሄደ በአራት ቀን ውስጥ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አጸዳ፤ 15 የፈንጂ ቀጠናዎችን ሲያከሽፍ የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ ከሥሩ ፈንድቷል። የብሪታንያን ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስን ያገኘው በዚህ ነው። ዛሬ አንድ መኪና ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚጨርሰው ርቀት ያኔ አራት ቀን ፈጀ። ከጦርነቱ በኋላ መንገዱን የወረሰው የጭነት መኪናው ነው። በመንገዱ ታሪክ ውስጥ ብዙ የማይወሳ አንድ ነገር እግረ መንገድ ልጥቀስ፦ ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዛወር ሱዳን እስከ ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. በግራዋ ቀጠለች። ለዘጠኝ ዓመት ያህል በመተማና በገላባት መካከል ያለፈ ሹፌር ሁሉ አገር ብቻ ሳይሆን የመንገዱን ጎንም ይቀይር ነበር።

ዋናው ነገር ግን እርሻው ነው። ቆላው ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ ሰፊ እርሻ ከተከፈተ ወዲህ ገንዳ ውሃ የሚኖር ባለሀብት መኪና የሚገዛው እርሻውን አይቶ ነው። ማሳው ከአስፋልቱ ርቆ በመረሬ አፈር ላይ ይገኛል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲጥል ከትራክተር በቀር የሚገባበት የለም። መስከረምና ጥቅምት ሰሊጡ የሚታጨድበትና የሚከመርበት ጊዜ ነው። የደረሰ ሰሊጥ በወቅቱ ካልተሰበሰበ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው ስለሚረግፍ ያን ሰሞን የእርሻው ፒክአፕ ሌት ተቀን ዕረፍት የለውም፤ ውኃ፣ እህል፣ ሠራተኛ፣ የታመመ ሠራተኛ፣ ጆንያ። ቀጥሎ ማሽላው፣ ከዚያም ጥጡ ይመጣል። የትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርት፣ የልጆች ትኩሳት፣ የወባ ወቅት ከዚሁ ከመኸሩ ጋር አንድ ላይ ይውላሉ። ቤተሰቡ መኪናውን አጥብቆ የሚፈልግበት ወር፣ እርሻውም አጥብቆ የሚፈልግበት ወር ነው። ሕጉም ከእርሻው ጋር ወግኗል። ለእርሻ ኢንቨስትመንት ከቀረጥ ነፃ የገባ ተሽከርካሪ ከተፈቀደለት ሥራ ውጭ መዋል የለበትም፤ ቀረጡ ሳይከፈልም ለሌላ አይተላለፍም። የፒክአፑ ባለቤት እሱ ቢሆንም፣ ሚስቱን ይዞ ክርስትና የሚሄድበት መኪና እንዲሆን ተብሎ የተፈቀደ አይደለም።

ታዲያ የቤት መኪና ሲፈለግ ለምን ትንሿ ተመረጠች? ጣዕም ነው የሚል ካለ የቀረጡን ሠንጠረዥ ይመልከት። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት ሞተሩ እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ መኪና 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ኤክሳይስ ይከፍል ነበር። በዚህ ላይ 35 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ሲሰላ፣ ወደብ ላይ 100 ሺህ ብር የተገመተች ትንሽ መኪና 222 ሺህ ብር ገደማ ትገባ ነበር፤ መካከለኛዋ 273 ሺህ፣ ትልቋ 342 ሺህ። ቶዮታ በጥር 1991 ዓ.ም. ጃፓን ላይ ለገበያ ያቀረባት ቪትዝ አንዱ ሞተሯ 997 ሲሲ፣ ሌላው 1,298 ሲሲ ነበር። ለኢትዮጵያ ሠንጠረዥ ተብላ የተሠራች ባትሆንም ከወሰኑ በሁለት ሲሲ ብቻ ዝቅ ብላ ተገኘች። በያሪስ ስሟ አውሮፓ ላይ የዓመቱ መኪና ተብላ መሸለሟ እዚህ ብዙም ሰው አይነካውም፤ 1,298 የሚለው ቁጥር ግን ነካው። በጃፓን መሪዋ በቀኝ ስለነበረ ወደ ግራ የተዛወረላት ቪትዝ እንኳ ገዢ አላጣችም። አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ከሱዳን ማጣሪያ የሚመጣው ቤንዚን በቦቴ ተጭኖ የሚገባው በመተማ በር ነበር። የቪትዞቹ ቤንዚን ቪትዝ ብርቅ በሆነባት ከተማ መሐል እያለፈ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሱ መቃወሚያዎች አሉ። የመጀመሪያው «ባጃጅ እያለ ለምን?» የሚለው ነው፤ ቀላልም አይደለም። ከገንዳ ውሃ ገበያ እስከ ቤት ለመድረስ ባጃጅን የሚያክል ነገር የለም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ባጃጅ የከተማ ነው። በጸጥታ ምክንያት የሰዓት ገደብ ሲጣል ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነው፤ ጎንደርም አይወጣም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድረስ ያለው መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ካላዛር የተባለው በሽታ የያዘው ሕፃን ወይም ምጥ የጠናባት ሴት ያለበት ቤት ስለ መኪና የሚያስበው ያን መንገድ ይዞ እንጂ የገበያውን መንገድ ይዞ አይደለም። አዎ፣ አውቶቡስ አለ፤ አውቶቡሱ ግን ሰዓት አለው፣ በእገታ ወሬ ቀናት ሳይነሳ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ትንሿ መኪናም ብትሆን አትነሳም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሁለተኛው መቃወሚያ ላንድ ክሩዘር ያለው ሰው ሌላ አያስፈልገውም የሚል ነው። ላንድ ክሩዘር ሁለቱንም ይሠራል፤ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይሆንም። በጥቅምት ማሳ ላይ ያለ ላንድ ክሩዘር ለቤቱ የለም ማለት ነው። ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ የከበደ ነው፦ ይህ ሁሉ የጥቂት ባለሀብቶች ወሬ ነው፤ አብዛኛው የመተማ ሰው የመጀመሪያዋም መኪና የለችውም። እውነት ነው። ግን ይህ ክርክሩን አያፈርሰውም፤ ያጠናክረዋል። ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ቤት እንኳ ለሰው መጓጓዣ የሚመድበው ከእርሻው ከተረፈው ከሆነ፣ ገንዘብ የሌለው ቤት ከሰሊጡ ጋር በአይሱዙ ላይ መቀመጡ ምን ያስገርማል?

በትንሿ መኪና ላይ የተገጠመው ዕቃም በቆላው ሌላ ክብደት አለው። አዲስ አበባ ላይ ስክሪን፣ የኋላ ካሜራና ፓወር ዊንዶው ለመኩራሪያ ይጠቅማሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ግን ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኤሲውን ነው፤ ኤሲው ያልሠራ መኪና ቀለሙ ቢያምርም ዋጋው ይወድቃል። አንድ ሊትር ሞተር ኤሲ ተከፍቶበት አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ እንደሚያቃስት የማያውቅ ሹፌር የለም፤ ለዚህ መስመር 1,298ቷ ከ997ቷ የምትሻለው እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ማለቷ ደግሞ እውነተኛ ጉድለት ነው። ከአስፋልቱ የወጣች ቪትዝ ኮረብታውን ቀርቶ የመጀመሪያውን የጋሪ ቦይ እንኳ አትችልም። ከጎንደር አጠገብ ካለው አዘዞ ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ አስፋልት ባይለብስ ኖሮ ቀረጡ ምንም ቢቀንስ ወደዚህ ባልወረደች ነበር። ቀረጡ ዋጋዋን ወሰነ፤ መድረሻዋን የወሰነው አስፋልቱ ነው።

አሁን ስሌቱ እንደገና ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚህ ምክንያት በአዲስ የምትገዛ ትንሽ መኪና ኤሌክትሪክ ናት፤ ከእነዚህም መካከል የቢዋይዲ ሲጋል ትገኛለች፤ ባትሪዋ በ30 ወይም በ39 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ለገንዳ ውሃ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች፣ ጎንደር ከ2,000 በላይ ናት። ከተሳፋሪዎቿ ጋር 1,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከባትሪዋ ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ታወጣለች፤ ሜዳውን ለመሄድ ወደ 17 ትጨምርበታለች፤ ኤሲው ገና አልተቆጠረም። ትንሿን ባትሪ የገዛ ሰው ጎንደር ሲደርስ ያለ ስጋት አይደርስም፤ በባለ 39ኙ ግን ይወጣል፤ ሲመለስ ቁልቁለቱ ከወሰደበት የተወሰነውን ይመልስለታል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ሁሉ ሌላ ጥያቄ እንደሚያስነሳ ግልጽ ነው። በሥራ ላይ ያሉት ካሚዮኖችና ትራክተሮች በበኩላቸው በናፍጣ ይቀጥላሉ። ግመሉና በቅሎው በቆላው ጠርዝ እንደተለያዩ ሁሉ፣ የእርሻው መኪናና የቤቱ መኪና በነዳጅም ሊለያዩ ነው፤ ከእንግዲህ ማሳ የወረደው ፒክአፕ ነዳጅ ቢተርፈው እንኳ ለቤቱ መኪና የሚያቀብላት ነገር አይኖርም።